ከመርከቧ የወደቀው ትኩስ ነገር

እትዬ ሩዝ አሳረረች። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ጣጣ ነው።

መርከቧ ሰውና መኪና ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው የምታሻግር ነች። ጠዋት ትነሳለች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደርሳለች፤ መሃል ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ምሳ ይበላል፤ ምሳውን የምትሠራው እትዬ ነች። ስሟን የሚያውቅ ቢኖርም የሚጠራት የለም። ካፒቴኑ እንኳ፣ በዕድሜ የሚበልጣት ሰውዬ፣ «እትዬ» ነው የሚላት። ይህን ማዕረግ ያገኘችው በእጇ ነው። እጇ አያሳርርም፣ ጨው አያበዛም፣ እሳት አይስትም። ይህንንም ሌላ ሰው ሳይናገርላት በፊት ራሷ ትናገረዋለች።

ልጇ እዚያው መርከብ ላይ መርከበኛ ነው። ባለፈው ዓመት ሲያገባ ምራቷን ረዳት አድርጋ ወደ ወጥ ቤቱ አስገባቻት። ሥራ ላስተምራት ብላ ነው፤ ማስተማሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጣ ነበር። እትዬ ራሷ ባሳረረችበት ቀን ዋዜማ ምራቲቱ ሩዝ ትንሽ ቢያርባት፣ መርከበኞቹ ሰሃናቸውን ይዘው በተሰለፉበት፣ «ሩዝ የሚያሳርር እጅ ምን ቤት ሊያቆም ነው? ልጄን እግዜር ይሁነው» ብላ አሳቀችባት። ልጇም ከሰልፉ መሃል ነበርና አንገቱን ደፋ። ምራቷ ድስቱን ፍቃ አጠበች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በማግስቱ እትዬ ትልቁን ድስት ጥዳ፣ ምራቷን ሻይ እንድታድል ወደ ላይ ላከችና ጉልበቷን ልታሳርፍ ቁጭ አለች። ጉልበቷ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያስቸግራታል፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ቁጭ እንዳለች ሸለብ አደረጋት። የቀሰቀሳት ሽታው ነው። ክዳኑን ብታነሳ ሩዙ ከላይ ነጭ፣ ከሥር ከሰል ሆኗል፤ የማረሩ ሽታ ግን ነጩን ከጥቁሩ አልለየም። ለሰው ቀርቶ ለዓሣም አይሆንም ነበር። ዓሣ ግን አይናገርም ብላ አሰበች።

እዚህ ላይ ስለ ማሽኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ መነጽራም ባለሙያ መጥቶ በመርከቧ ግራና ቀኝ፣ በኋላዋም ጭምር፣ ካሜራ ተክሎ ሄዷል። መርከበኞቹን ሰብስቦ ሲያስረዳ፣ «ይሄ ካሜራ መልክ አይደለም የሚያየው፣ ሙቀት ነው። ትኩስ የሆነና ሰው የሚያህል ነገር ከመርከቧ ከወደቀ ራሱ ጥሩምባ ይነፋል፣ የወደቀበትንም ቦታ ስክሪኑ ላይ ምልክት ያደርግበታል» አላቸው። ወፍ ትንሽ ናት፣ ያልፋታል። ቆርቆሮ ቀዝቃዛ ነው፣ አያየውም። አንዱ መርከበኛ፣ «እንግዲህ ከኋላ ቆሞ መሽናትም ቀረ በለና» ቢለው ባለሙያው ደም መሰለ። እትዬ ሻይ እየቀዳች ሁሉንም ሰምታለች፣ ከሁሉም በላይ ስቃለች። ባሕር ውስጥ ምንም መጣል ክልክል ቢሆንም እሷ ከጥንት ጀምሮ ልጣጯን ከኋላ በር ነው የምትጥለው። ማሽኑ ከተተከለም በኋላ የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ቅርፊት ጣለች፤ ማሽኑ ጭጭ አለ። ከዚያ ወዲህ «ዕውሩ» እያለች ትጠራዋለች።

ስለዚህ የዚያን ቀን ብዙ አላሰበችም። ያሰበችው ምራቷ ሻዩን አድላ መመለሷን ነው። ባዶ የዱቄት ጆንያ ስባ ያን ሁሉ ሩዝ ገለበጠችበት፤ እንፋሎቱ ፊቷን እየጠበሳት አፉን ቋጠረችው፤ የኋላውን በር በእግሯ ከፍታ፣ የተኛ ልጅ እንደምትሸከም አቅፋ ወሰደችና ከብረቱ አጥር ማዶ ለቀቀችው። ጆንያው ውሃውን መትቶ ጠፋ። ሌላ ሩዝ ለመጣድ ጊዜ አለኝ ብላ ዞር ስትል ጥሩምባው ጮኸ።

መርከቧ ወደ ጎን አዘመመችና መዞር ጀመረች። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሰሃኖች ተንሸራተቱ። የካፒቴኑ ድምፅ በማጉያው መጣ። «ሰው ባሕር ውስጥ ወድቋል። ተሳፋሪዎች በሙሉ ወደ አዳራሹ ግቡ፤ ትቆጠራላችሁ።»

ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄኔ ነበር። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከካፒቴኑ ጋር የሚያገናኝ ስልክ አለ። እትዬ ስልኩን አነሳች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፦ ሰው አይደለም፣ ያሳረርኩት ሩዝ ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓረፍተ ነገሩን በልቧ አንድ ጊዜ አለችው፤ ቀጥሎም በሐሳቧ መርከበኞቹ ሲስቁ ሰማቻቸው፣ ምራቷም ሳትስቅ ስታያት ታያት። ስልኩን መለሰችው። ይቆጥራሉ፣ ሰው ሁሉ ይገኛል፣ ዕውሩ ማሽን ተሳሳተ ይባላል፣ ነገሩ ያልቃል ብላ ራሷን አጽናናች። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ቆጥረው አንድ ሰው ባይጎድል ኖሮ።

የጎደሉት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው አዳራሹን ሁለቴ ዞራ፣ መጸዳጃ ቤቱን አንኳኩታ፣ «አባዬ» እያለች ተጣራች። በዕድሜ ከእትዬ ጋር የምትቀራረብ፣ ጎልማሳ ሴት ነች። ከዚያ በኋላ መርከቧ ውስጥ ማንም አልፈለገም። ማሽኑ ውጭ ነው ብሏል፤ የጎደለው ደግሞ አንድ ነው፤ ሒሳቡ ገጠመ። የነፍስ አድን ጀልባውን አወረዱ፤ ጀልባው ላይ ከወጡት አንዱ የእትዬ ልጅ ነው።

ካፒቴኑ እትዬን አስጠራት። «ሴትየዋን ያዢልኝ» አላት። «አንቺ ሰው ማጽናናት ታውቂበታለሽ። እኔ ፍለጋውንም ማጽናናቱንም አንድ ላይ መያዝ አልችልም።» አጠገቡ ያለችውን ጠባብ ክፍል አሳያት። ሴትየዋ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በመስተዋቱ በኩል የማሽኑን ስክሪን ታያለች። እትዬ አጠገቧ ተቀመጠች። ሌላ ምን ታድርግ?

ሴትየዋ ማሽኑ የያዘውን ምስል አሳዩኝ ብላ ለመነች። ካፒቴኑ ማሳየቱን ባይወደውም አሳያት። ምስሉ ጥቁር ነው፤ ከጥቁሩ ላይ አንድ ነጭ ነገር ክብ ብሎ ወደ ታች ይወርድና ይጠፋል። ሴትየዋ እንደገና አሳየኝ አለች። ደግሞ አሳያት።

«እሱ ነው» አለች። «አጎንብሶ ነው የሚሄደው። ይኸው፣ አጎንብሶ ነው የወደቀው።»

ጆንያዋ ነበረች። እትዬ የቋጠረችበትን ቦታ ሳይቀር ለየችው፤ ሴትየዋ የአባቷ ጭንቅላት ነው ብላ በጣቷ ስትነካው አየች። ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። መጀመሪያ ላይ የምታፍረው በሩዙ ነበር፤ አሁን ደግሞ እስካሁን ዝም በማለቷ አፈረች፤ ዝም ባለች ቁጥር የምትናገረው ነገር እየከበደ ሄደ። ሩዙማ ከዚህ አንጻር ምን ነበረ!

ካፒቴኑ ወደ መሪው ሲመለስ ሴትየዋ የእትዬን እጅ ያዘችና ለማንም የማይነገር ነገር መናገር ጀመረች።

«ጠዋት ተጣልቻለሁ» አለች። «መድኃኒቱን ቤት ረስቶ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ነው እኮ። ተመልሼ ሳመጣለት መርከቧ ልታመልጠን ነበር። ተናደድኩ። ሸክም ሆንክብኝ አልኩት። እስከ መቼ ነው የምሸከምህ አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? እሺ ልጄ አለኝ። እሺ ልጄ ብቻ።»

«በንዴት ነው፤ አባት ይሄን ያውቃል» አለች እትዬ።

«አውቆማ ነው ራሱን የጣለው። ሸክሜን ሊያቀልልኝ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ሴትየዋ ግን ግንባሯን እትዬ እጅ ላይ ደፍታ የተናገረችውን ቃል መልሳ መላልሳ አለችው፣ ቢላላላት ብላ ይመስል። የእትዬ እጅ ያረረ ሩዝ ይሸታል። ሴትየዋ ግን የሚሸታት ነገር አልነበረም። እትዬ በሌላው እጇ ጀርባዋን እያሻሸች፣ «እግዜር ያውቃል፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለች፤ ድምፅዋ የእውነት የሚያጽናና ሰው ድምፅ ነበር፤ ለዚያም ነው ድምፅዋን ከምንም በላይ የተጸየፈችው።

«ስሚኝ» ብላ ጀመረች።

በሩ ተከፈተ፤ ካፒቴኑ ነው። ማሽኑ ምልክት ያደረገበትን ቦታ ዙሪያውን አስሰናል፣ ካሜራው ግን ውሃው ላይ ምንም ትኩስ ነገር አያሳይም አለ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው።

«ማሽኑ የሚያየው ሙቀት ነው አላልከኝም?»

«ነው።»

«እንግዲያው አሁን የማያየው…» አለችና አልጨረሰችውም። ካፒቴኑም አልጨረሰላትም። ኮፍያውን አወለቀ።

እትዬ ውሃ ላምጣልሽ ብላ ወጣች። ሸሸች ማለት ይቀላል። ደረጃውን ይዛ ወጥ ቤት ስትደርስ ምራቷ አዲስ ሩዝ ጥዳለች። ትልቁ ድስት ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ተደፍቷል። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል።

«ድስቱን አጥቤዋለሁ፣ እትዬ» አለች ምራቷ። ዓይኗን ከእሳቱ አላነሳችም። «ጆንያዋን ግን አጣኋት።»

እትዬ በሩን ደገፍ ብላ ቆመች። መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ምንኛ በወደደች! መርከብ ላይ ግን መሬትም የለ።

«ነፋሱ እየበረታ ነው» አለች ምራቷ። «እሱ ጀልባው ላይ ነው። ቶሎ ቢመለሱ ጥሩ ነበር።» ማማሰያውን አስቀመጠችና ዞረች። ፊቷ ላይ ንዴት የለም፤ እትዬ ንዴት ፈልጋ አጣችበት። «እኔ ነኝ ልበላቸው? ትናንትም አሳርሬያለሁ። ማንንም አይገርመውም።»

እውነቱን ለመናገር እትዬ አሰበችበት። «ተይ» ማለት የነበረባት ወዲያው ነው፤ ወዲያው ግን አላለችም። ልጅቷ ብትለው ምን ይጎድላታል፣ ወጣት ናት፣ ይረሳላታል ብላ አሰበች፤ ምራቷም ስታስብ ቆማ አየቻት። ሁለቱም መታሰቡን አወቁ። በኋላ፣ ስለዚያ ቀን ባሰበች ቁጥር፣ ከሩዙም ከጆንያውም አስቀድማ ፊቷን የሚያቃጥላት ይህች ቅጽበት ነች።

«ተይ» አለች በመጨረሻ። «ሩዙን ጠብቂ።»

ደረጃውን ወጣች። ካፒቴኑ መሪው አጠገብ ነው፤ ሴትየዋ ከክፍሏ ወጥታ መስኮቱ ላይ ተደግፋለች። እትዬ ሴትየዋ ሳትሰማ በጆሮው ልንገረው ብላ ነበር የመጣችው። ስታያት ግን ቀድማ ልትሰማ የሚገባት እሷ መሆኗ ገባት።

«ሰው አልወደቀም» አለች። «እኔ ነኝ። ሩዝ አረረብኝ። ሰው እንዳያይብኝ በጆንያ ሞልቼ ጣልኩት። ማሽኑ ያየው እሱን ነው።»

ካፒቴኑ አልገባውም። ደግማ ነገረችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር።

«መቼ ነው የጣልሽው?»

«ጥሩምባው ሊጮኽ ሲል።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ።»

ካፒቴኑ አልተቆጣም፤ ለመቆጣት ጊዜ አልነበረውም። በሬዲዮ ጀልባውን መለሰ፣ መርከበኞቹን ወደ ታች ላከ፣ የመርከቧን ጓዳ ጎድጓዳ ሁሉ እንዲፈትሹ አዘዘ። ሴትየዋ እትዬን አየቻት። ከዚያ ወደ ደረጃው ሮጠች።

ሽማግሌው የተገኙት መኪኖቹ በቆሙበት በታችኛው ወለል፣ አንድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። ሹፌሩ ጥግ ላይ ቆመው ሲቁለጨለጩ አይቷቸው፣ ኑ እዚህ ጋደም ይበሉ ብሎ ከጥሩምባው በፊት አስገብቷቸው ወደ ላይ ወጥቷል፤ የጠፋው ሰው ባሕር ውስጥ ነው ሲባል ጋቢናው ውስጥ ያሉትን ሽማግሌ ከነገሩ ጋር አላገናኛቸውም። ጆሯቸው ስለደከመ ጥሩምባውንም አልሰሙ። የሹፌሩን ብርድ ልብስ ተከናንበው በደንብ እያንኮራፉ ነበር። መጀመሪያ ላይ መኪኖቹን አንድ ሰው ዞር ብሎ ቢያይ ኖሮ በደቂቃ ይገኙ ነበር።

ካፒቴኑ በማጉያው፣ «የወደቀው ዕቃ ነው፣ ሰው አይደለም፤ የጠፉት አባት በሰላም ተገኝተዋል» አለ። የማን ዕቃ እንደሆነ አላለም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የእትዬ ልጅ ከጀልባው እርጥብ ብሎ ወጥቶ በወጥ ቤቱ በር ሲያልፍ ቆም አለ፤ እናቱን አያትና፣ «ልብስ ልቀይር» አለና ሄደ። መርከበኞቹ ምሳቸውን ሊወስዱ ተሰለፉ፤ እንደ ልማዳቸው አልቀለዱም። ሩዙ ጥሩ ነበር። አንዳቸውም ጥሩ ነው አላሉም፤ ለምራቷም ለሷም አዝነው ነው። ቢስቁባት ይሻላት ነበር።

ሰልፉ ሲያልቅ ሴትየዋ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ገባ አላለችም።

«እጄን ይዘሽኝ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«እያወቅሽ።»

«እያወቅሁ» አለች እትዬ። የምትጨምረው ፈለገች። አፍሬ ነው ልትል ነበር፤ እውነትም ነበር፤ ለዚያች ሴት የሚነገር ግን አልመሰላትም። «ይቅር በይኝ።»

ሴትየዋ ይቅር አላለችም፣ አይሆንምም አላለችም። «አባቴ ሞቷል ብዬ ነው ያንን የነገርኩሽ» አለች። «ለሰው የሚነገር አልነበረም። እሱ አልሞተም፤ ቃሉ ግን አንቺ ጋ ቀረ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለምን እንዳለቀስኩ አያውቅም። ጠዋት ያልኩትን ረስቶታል መሰለኝ፤ ብዙ ነገር ይረሳል። አንቺ ተነስተሽ እውነት ልናገር ብትይ ይጠይቃል፤ ምን ሆንኩ ብለሽ ነው ያለቀስሽው ይለኛል። አደራሽን። እንዳታስታውሺው።»

«እሺ» አለች እትዬ።

ይህን ተባብለው ሳይለያዩ ሽማግሌው ራሳቸው ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። ወደ አዳራሹ ሲመለሱ ተሳፋሪው ከቧቸው፣ ልጅዎ ስታለቅስ የወጥ ቤቷ ሴትዮ ናት እንደ እህት ይዛ ያጽናናቻት ብሏቸዋል። እትዬን ከምራቷ ለይተው አላወቋትምና ሁለቱንም አዩ።

«የትኛዋ ናት?»

ምራቷ ወደ ምድጃው ዞረች። ሽማግሌው እትዬ ፊት ቆሙና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ልጃቸው ይዛው የነበረውን ያንኑ እጅ።

«እኔ ተኝቼ ነው አሉ ይሄን ሁሉ ያስጨነቅኋችሁ» አሉ። «ልጄ ሆደ ቡቡ ናት። ማንም የለኝም እኮ ከሷ ሌላ። እሷም ከኔ ሌላ የላት። ብቻዋን አልተውሻትም።»

«አባ፣ እኔኮ…» አለች እትዬ።

ከጀርባቸው ልጃቸው ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ነቅነቅ ብቻ። እትዬ አፏን ዘጋች።

«የሰው ጭንቅ የምትጋሪ፣ ጭንቅ ደጅሽን አይርገጠው» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ጆሮው የደከመ ሰው እንደሚናገረው ነው፣ አዳራሹ ሳይቀር ይሰማል። «ክፉ ቀን እጅሽን የሚይዝ አያሳጣሽ። እንዳንቺ ያለ ሰው ይዘዝልሽ።»

ሽማግሌው አልሰማሁ ይሆን ብለው ጆሯቸውን ጠጋ አደረጉ።

«አሜን በይ እንጂ ልጄ።»

እትዬ ሴትየዋን አየቻት። ሴትየዋ መሬት መሬቱን ታያለች።

«አሜን» አለች።

ሽማግሌው ደስ አላቸው። እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ምርቃቱ ገና መጀመሩ ነበር።